ሰረንዲፒቲ፦ የአንድ ቃል ትርጉምና ለጤና ባለሙያ ያለው ፋይዳ

ስለ መድኃኒቶች አገኛኘት በሚተርኩ ጽሑፎች ውስጥ «ሰረንዲፒቲ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ «መልካም ዕድል» ወይም «ድንገተኛ አጋጣሚ» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ አተረጓጎም ግን የቃሉን ግማሽ ብቻ ይይዛል፤ የሚቀረው ግማሽ ደግሞ ለጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው።

የቃሉ ፈጣሪ እንግሊዛዊው ደራሲ ሆራስ ዎልፖል ነው። ቃሉን የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1754 በፍሎረንስ ይኖር ለነበረው ወዳጁ ለሆራስ ማን በጻፈው ደብዳቤ ነበር። መነሻው «ሦስቱ የሰረንዲፕ ልዑላን» የሚባለው፣ በ1557 በቬኒስ በጣሊያንኛ የታተመው ከፋርስ የመጣ ተረት ነው። ሰረንዲፕ ዛሬ ስሪላንካ የምትባለው ደሴት የጥንት መጠሪያ ናት።

በተረቱ ልዑላኑ መንገድ ላይ የጠፋ ግመል ዱካ ያያሉ። ሣሩ ባማረበት በኩል ሳይነካ በደከመበት በኩል ብቻ ተግጦ በማግኘታቸው ግመሉ አንድ ዓይኑ የጠፋ መሆኑን ይረዳሉ፤ ከኮቴውም አንካሳነቱን ያውቃሉ። ያላዩትን ግመል እንዲህ አብራርተው በመናገራቸው በሌብነት ተከሰው ይታሰራሉ፤ ነጻ የሚወጡት ግመሉ ሲገኝ ነው። ዎልፖል ከዚህ በመነሣት ቃሉን ሲያብራራ፣ ልዑላኑ ያልፈለጉትን ነገር ያገኙት በአጋጣሚና በአስተውሎት እንደሆነ ገልጿል። ሁለቱ ተጣምረው ካልተገኙ ቃሉ ቦታ የለውም።

በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን ቅዱስ ማርያም ሆስፒታል የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ባሳደገበት ሳሕን ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኘ። የተበከለ ሳሕን መጣሉ የተለመደ ነው። እርሱ ግን በሻጋታው ዙሪያ ባክቴሪያው መሟሟቱን ተመልክቶ ምክንያቱን መረመረ። ሻጋታው አጋጣሚ፣ ምርመራው አስተውሎት ነበር። ፔኒሲሊን ለሕሙማን የደረሰው ግን በኦክስፎርድ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ባደረጉት ጥረት ነው።

የአገራችንም ታሪክ ለዚህ ጥሩ አስረጂ አለው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። እንዶድ ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ነው። እርሳቸው ግን የበሽታው አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ለምን እዚያ እንደሞቱ ጠየቁ፤ ተከታዩም ጥናት የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጠ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ቃሉን በአማርኛ «የአስተዋይ አጋጣሚ» ብንለው ለመሠረተ ትርጉሙ የቀረበ ይሆናል። አጋጣሚ በጤና ጣቢያም በሆስፒታልም በየዕለቱ ይመጣል፦ ለተለመደው መድኃኒት ያልተመለሰ ትኩሳት፣ ከአንድ መንደር ተከታትለው የመጡ ተመሳሳይ ሕሙማን፣ ከመጠበቂያው ውጭ የታየ የመድኃኒት ጠንቅ። እነዚህን «አልፎ አልፎ ያጋጥማል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። በካርዱ ላይ በግልጽ ጽፎ፣ ከባልደረባ ጋር ተመካክሮ፣ ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ ግን የቃሉን ሁለተኛ ግማሽ በሥራ ላይ ማዋል ነው።