ለምድና ጎፈር ለብሶ ስለሚዘፍን ሰው

የሚያስፈራ ልብስ ለብሶ፥ ፊቱን በቀለም ለውጦ፥ በመድረክ ላይ እንደ አውሬ የሚጮኽ ዘፋኝ በታየ ጊዜ፥ ብዙ ወላጅ የልጁን እጅ ይዞ ለመውጣት ይቸኩላል። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ ያየውን ይከተላልና። ነገር ግን ከመፍረድ አስቀድሞ መመርመር የአስተዋይ ሰው ልማድ ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ጥቂት ልናወሳ ወደድን።

በፊንላንድ አገር ሎርዲ የተባለ የሙዚቃ ጓድ አለ። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ድምፀ ብርቱ ሙዚቃ ይጫወታል፤ አባሎቹም የጭራቅ ጭምብል ሳያጠልቁ ወደ መድረክ አይወጡም። አገራቸውን ወክለው ለአውሮፓ የዘፈን ውድድር በተመረጡ ጊዜ፥ ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የነቀፏቸው ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በአቴና ከተማ ግን አንደኛ ወጡ። ፊንላንድ በዚያ ውድድር ስታሸንፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበረ፤ በሄልሲንኪ አደባባይም እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በደስታ ተቀበላቸው።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፥ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ወደ ጨርጨር ይመልከት። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ የጨርጨር ገዥ ከመሆናቸው በፊት፥ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። በአማርኛ ከተጻፉት ተውኔቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው። የላፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው፥ ሰው በራሱ አፍ ሊናገረው የሚፈራውን በአውሬ አፍ አናገሩት። በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት በታየ ጊዜ ግን፥ ተናጋሪው አውሬ ቢሆንም የተነቀፈው የሹማምንት ምግባር መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ቴአትርም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ድረስ ታግዶ ቆየ። ጸሓፊው ግን ኋላ ጨርጨርን ለሌላው አውራጃ ምሳሌ እንድትሆን ያደራጁ፥ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውንም ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። እንግዲህ በአውሬ ስም የቀለደው ብዕርና ከተማ የቆረቆረው እጅ የአንድ ሰው ነበሩ።

ሁለተኛው ምሳሌያችን አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ፤ አስቀድመው ክራርና መሰንቆ፥ ኋላም ክላርኔትና ሳክስፎን ተማሩ። ገና በ14 ዓመታቸው ገደማ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡ፤ ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ቀጥሎም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገለገሉ። ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን አሰሙ። ነገሩንም የምር ስለ ያዙት፥ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፥ እንደ ጀግና ለምድ ደርበው በመድረክ ይቆሙ ነበር። የውጭ አገር አዋቂዎች ይህን አነፋፍ ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ጋር አስተካከሉት፤ ምንጩ ግን የአባቶች ፉከራ ነበረ።

ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፐንክ ሙዚቃ ጓድ በፈረንጅ 2004 ዓ.ም. 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር እኒህን ሰው ጋበዛቸው። ፐንክ ከወግ የወጣ የወጣቶች ጩኸት ተብሎ የተነቀፈ ሙዚቃ ነው። ሽማግሌውና ጓዱ ግን ተስማሙ፤ በፈረንጅ 2006 ዓ.ም. «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ፥ በብዙ የአውሮፓ ከተሞችም አብረው ተጫወቱ። አቶ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ የሳክስፎን ንጉሥ ተብለው በውጭ አገር ጭምር ይታወቁ ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ባነጻጸርን ጊዜ አንድ ነገር እንረዳለን። ፋቡላ ስለ ተከለከለ ሹማምንቱ አልታረሙም፤ የጠፋው ቴአትሩ ብቻ ነበረ። ለጌታቸው ግን ማዘጋጃ ቤቱ፥ ቴአትር ቤቱና ፖሊሱ ደመወዝና የልምምድ ቦታ ስለ ሰጧቸው፥ ከ50 ዓመት በኋላ ፍሬው ለአገር ክብር ሆነ።

ስለዚህ በጭሮም ሆነ በሂርና፥ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፥ ልጁ ጭምብል ሠርቶ ወይም ፊቱን ቀብቶ ለመዝፈን ሲሰናዳ ያገኘ ወላጅ፥ ጭምብሉን ከመቅደዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ በዚህ ልብስ ልትናገር ያሰብኸው ምንድን ነው? ከማን ተማርኸው? ስንት ቀን ተለማመድኸው? ልጁ መልስ ካጣ ምክር ያስፈልገዋል። መልስ ካለው ግን አባትየው ቁጭ ብሎ ይስማው።