ሃያሲው ጆይስቲክ ሲጨብጥ

«ኤጅ» የተባለው የእንግሊዝ የጌም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው አንድ ግምገማ እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተገመገመው «ዱም» ነበር፤ ተጫዋቹ ከገሃነም የወጡ ጭራቆችን በጠመንጃ እየረፈረፈ የሚያልፍበት፣ ኋላ ለመጡት የተኩስ ጨዋታዎች መንገድ የጠረገ ሥራ። ሃያሲው 7 ከ10 ሰጠውና እነዚህን ፍጡራን ማነጋገር፣ ወዳጅ ማድረግ ቢቻል ኖሮ ሲል ተመኘ። ተሳቀበት። የጌም ሃያስያን ስለማይገባቸው ነገር ይጽፋሉ ለማለት የፈለገ ሁሉ ያንን አንቀጽ ሲጠቅስ ኖረ። በ2015 ግን አሜሪካዊው ቶቢ ፎክስ «አንደርቴል»ን አወጣ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚገጥመውን ጭራቅ ሁሉ እያዋራና እያባበለ፣ አንድም ሳይገድል እስከ ፍጻሜው መድረስ ይችላል። ጨዋታው በዓመቱ እጅግ ከተወደሱት አንዱ ሆነ።

ያ ሃያሲ ዱምን የጠየቀው ዱም ሊሰጥ ያላሰበውን ነው። ጥያቄው ግን ከንቱ አልነበረም፤ የሌላ ዘውግ ጥያቄ ነበር። የጌም ሂስ ችግሩም ውበቱም ከዚህ ይጀምራል። የፊልም ሃያሲ ኮሜዲም ይሁን የወንጀል ታሪክ ተቀምጦ ያያል። የጌም ሃያሲ ግን ዛሬ ይተኩሳል፣ ነገ ከተማ ይቆረቁራል፣ ከነገ ወዲያ ኮርና ይመታል። በየዘውጉ የሚነሳው ጸብም የተለያየ ነው። ጸቦቹን ሳያቸው ዘመን የሚሻገረው ሂስ ከሥዕሉና ከታሪኩ አልፎ ደንቡን የመረመረው ይመስለኛል፦ ጨዋታው ምን ሲያደርጉ ይሸልማል? ምን ሲያደርጉ ይቀጣል?

በድብድብና በተኩስ ጨዋታዎች ላይ መጀመሪያ ጣታቸውን የቀሰሩት ወላጆችና ፖለቲከኞች ናቸው። በ1993 መገባደጃ ሴናተር ጆ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል በአሜሪካ ሴኔት የድብድብ ጨዋታውን «ሞርታል ኮምባት»ንና መሰሎቹን ለምርመራ አቀረቡ። ኢንዱስትሪው መንግሥት ሳይቀድመው በ1994 የዕድሜ ገደብ የሚያወጣ የራሱን ተቋም አቋቋመ። በ2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዓመፅ የበዛባቸውን ጨዋታዎች ለልጆች መሸጥ የሚከለክለውን የካሊፎርኒያ ሕግ 7 ለ 2 ሻረ፤ ጨዋታም እንደ መጽሐፍ ሁሉ በሐሳብ ነፃነት ይጠበቃል አለ። ደም በዛ፣ አልበዛም የሚለው ሙግት ብዙ ጩኸት አስነሳ እንጂ ስለ ጨዋታዎቹ ያስተማረን ጥቂት ነው።

ከውስጥ የመጣው ሂስ ይበልጣል። በ2007 የተኩስ ጨዋታው «ባዮሾክ» በሃያስያን ሲሞገስ፣ ራሱ የጌም ዲዛይነር የሆነው ክሊንት ሆኪንግ አንድ ስንጥቅ አሳየ። ደንቡ ተጫዋቹን «ለራስህ ጥቅም ኑር» ይለዋል፤ መምረጥም ይፈቅድለታል። ታሪኩ ግን ያለ ምንም ምርጫ ሌላ ሰውን እንዲታዘዝ ያስገድደዋል። እጅ የሚያደርገውና ጆሮ የሚሰማው ተጣሉ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው «ስፔክ ኦፕስ፦ ዘ ላይን» ይህንኑ ጸብ መሣሪያው አደረገው፤ አሸዋ በዋጣት ዱባይ ተጫዋቹን ሰላማዊ ሰዎች ላይ ነጭ ፎስፈረስ እንዲተኩስ ያደርገውና መልሶ ይወቅሰዋል። ድፍረቱን ያደነቁ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ሌላ መንገድ ሳትሰጠኝ እንዴት ትወቅሰኛለህ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በአስፈሪው ዘውግ ደግሞ ያከራከረው በ2009 የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 5» ነበር። ነጭ አሜሪካዊ በአንድ የአፍሪካ ከተማ በበሽታ ያበዱ ጥቁሮችን እየተኮሰ ሲያልፍ የሚያሳየው ማስታወቂያ ገና ጨዋታው ሳይወጣ ቁጣ ቀሰቀሰ። ጋዜጠኛው ንጋይ ክሮል ምስሎቹ ስለ አፍሪካ ከቆየ የንቀት ሥዕል የተቀዱ ናቸው ሲል ብዙ ተጫዋቾች ሊሰሙት አልፈለጉም።

ለእኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የስትራቴጂ ዘውግ ነው። የዘውጉ አውራ፣ ሲድ ማየር በ1991 የጀመረው «ሲቪላይዜሽን»፣ ተጫዋቹን ከጥንት አንስቶ አንድ ሕዝብ ያስመራዋል። የሃያስያኑ ቅሬታ የታወቀ ነው፤ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ የቴክኖሎጂ መሰላል ይወጣሉ፣ መሬት ያልያዘ ኋላ ይቀራል፣ ከመንግሥታቱ ውጭ ያለው ሰው «አረመኔ» ተብሎ ይታደናል። በ2018 የካናዳ ክሪ ሕዝብ መሪ የነበረው ፓውንድሜከር በስድስተኛው ክፍል ሲጨመር፣ ከማኅበረሰቡ መሪዎች አንዱ ሚልተን ቱቱሲስ ተቃወመ። አያቶቻችን መሬት ለመንጠቅ ይሽቀዳደሙ እንደነበር ማስመሰል የቅኝ ገዢዎችን ተረት መድገም ነው አለ።

ኢትዮጵያ በአምስተኛው ክፍል በ2012 ስትገባ መሪዋ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ መሐል ሰፋሪ የተባለ ልዩ ጦርና ሐውልት የተባለ ልዩ ሕንፃ ተሰጣት። የገረመኝ ግን «የዓድዋ መንፈስ» የተባለው ደንብ ነው። የኢትዮጵያ ወታደር ከእሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው ባላጋራ ጋር ሲዋጋ ኃይሉ 20 በመቶ ይጨምራል። አንድ መስመር ነው፤ ግን ጨዋታው ራሱ ከሚሰብከው ጋር ይጣላል። ሌላው ሁሉ ደንብ ተስፋፋ ይላል፤ ይህኛው ትንሽ የሆንክ እንደሆነ ነው የሚያበረታህ። ከብዙ ገጽ ትረካ ይልቅ ስለ ዓድዋ የሚናገረው ይህ ይመስለኛል። ታዲያ በ2020 አፄ ምኒልክ ራሳቸው በስድስተኛው ክፍል ሲመጡ ያ ደንብ አብሯቸው አልመጣም። ለእሳቸው የተሰጣቸው በኮረብታ ላይ የተመሠረቱ ከተሞች ከእምነት ዕውቀትና ባህል እንዲያፈሩ፣ ወታደሩም በኮረብታ ላይ እንዲበረታ ነው። እንጦጦን ለሚያውቅ ይህም አያስከፋም፤ የዓድዋው ደንብ ዓድዋ ከዘመቱት ንጉሥ መለየቱ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

የስፖርት ጨዋታ ሃያሲ ሥራው አሰልቺ ነው፤ በየዓመቱ «ከአምና ምን ተለወጠ?» ሲል ይጠይቃል። በ2000ዎቹ በሁለቱ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ላይ የሃያስያኑ ፍርድ የታወቀ ነበር፤ «ፊፋ» ስምና ማልያ አለው፣ «ፔስ» ኳስ አለው። ፔስ ፈቃድ ስላልነበረው ማንቸስተር ዩናይትድን «ማን ሬድ»፣ አርሰናልን «ኖርዝ ለንደን» እያለ ያጫውት ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 በነገሠበት ዘመን የአዲስ አበባ ጌም ቤቶችን ያጨናነቁ ልጆች ግን ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ማንም እንዲነግራቸው አልጠበቁም። ከዚያ በኋላ ክሱ ከሜዳው ወደ ኪስ ዞረ። ተጫዋቹ ማን እንደሚወጣለት ሳያውቅ በገንዘብ የሚገዛው የካርድ እሽግ ቁማር ነው ተባለ። ቤልጅየም በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ከቁማር ቆጠረችው፤ የፊፋ አዘጋጅ የሆነው ኩባንያ ኢ.ኤ. በቀጣዩ ጥር በዚያች አገር እሽጉ የሚገዛበትን የፊፋ ነጥብ መሸጡን አቆመ። ይህ ሂስ ትክክል ቢሆንም በግጥሚያ ሒሳብ የሚከፈልበት ጌም ቤት ውስጥ ብዙም ትርጉም የለውም። እዚያ የሚፈረደው ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ፓሱ እንዴት ነው፣ በረኛውስ ያሳፍራል ወይ በሚለው ነው።

ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚጫወትበት በሮል ፕሌይንግ ጨዋታ ዳኛው ቃል ነው። በኢስቶኒያውያን ደራስያን የተሠራውና በ2019 የወጣው «ዲስኮ ኢሊዚየም» ውጊያ የሌለበት ያህል ነው፤ ከሚሊዮን በላይ ቃላት ግን ይዟል። ሃያስያን እንደ ልቦለድ አነበቡት። «ዲር ኤስተር»ና «ጎን ሆም» ደግሞ ተጫዋቹ ከመራመድና ከመመልከት ሌላ ብዙ የማይሠራባቸው ናቸው፤ ሃያስያን ሲያወድሷቸው ብዙ ተጫዋቾች «ይህ ጌም አይደለም» ብለው አፌዙ። እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነው ጨዋታ ስለ «ዳርክ ሶልስ» ክብደት የሚደረገው ክርክርም አለ፤ ቀላል ደረጃ ይጨመርበት የሚሉና ክብደቱ ራሱ ደንቡ ነው የሚሉ ገና አልታረቁም።

ይህን ሁሉ ልዩነት አንድ ቁጥር ውስጥ ማስገባት የነጥብ አሰጣጥ ጣጣ ነው። በጃፓኑ «ፋሚትሱ» መጽሔት አራት ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጣሉ፤ ሙሉውን 40 መጀመሪያ ያገኘው በ1998 ከ«ዜልዳ» ተከታታይ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው። በ2001 የተጀመረው ድረ ገጽ «ሜታክሪቲክ» ደግሞ የብዙ ሃያስያንን ነጥብ አማካይ አድርጎ ያቀርባል። መዘዙ በ2010 ታየ፤ የ«ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ሠሪዎች ጉርሻ ሊከፈላቸው የነበረው አማካዩ 85 ከሞላ ነው፤ 84 ሆነ። ከዚያ በፊት በ2007 የ«ጌምስፖት» ድረ ገጽ ሃያሲ ጄፍ ገርስትማን፣ ድርጅቱ ማስታወቂያውን በሰፊው ይዞለት ለነበረ ጨዋታ 6 ከሰጠ በኋላ ተባረረ። ሥራ የሚያሳጣ ቁጥር ሂስ መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ተመን ይሆናል።

በስልክ የሚጫወተው ሕዝብ ከሁሉ ይበዛል፤ ሃያሲው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ዘውግ ቅርብ በሆኑት በፌስቡክ ጨዋታዎች ላይ ያየሁት ምርጥ ሂስ በጽሑፍ አልመጣም። በ2010 የጌም ዲዛይነሩ ኢየን ቦጎስት በእነዚህ ጨዋታዎች ለማፌዝ «ካው ክሊከር»ን ሠራ፤ በየስድስት ሰዓቱ የአንዲት ላም ሥዕል ላይ አንዴ መጫን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከምራቸው ተጫወቱት።

የእኛዎቹም የስልክ ጨዋታዎች በዚሁ ዓይን ሊታዩ ይገባል። የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»፣ ከአሳዳጅ የምትሸሸው ዶሮ፣ የእኛ በመሆኗ ተወደደች፤ መልኳና አካባቢዋ የአገር ነው። ሩጫው ግን የውጭው የሩጫ ጨዋታ የ«ሰብዌይ ሰርፈርስ» ዝርያ ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ነው። ወደ ስልክ የመጣው ገበጣ በአንጻሩ ደንቡ ራሱ አገሬው ነው። እዚህ ላይ ግን ሃያሲ ቢኖር የሚያነሳው አንድ ነገር አለ፤ ስልኩ ጠጠሩን ራሱ ቆጥሮ ራሱ ሲያድል፣ በመሬቱ ገበጣ ተጫዋቹ በዓይኑ ቆጥሮ አስቀድሞ የሚያሰላው ስሌት ከጨዋታው ወጥቷል።