የሩቅ ደሴት ዐውሎ ነፋስና የከሚሴ በልግ

በከሚሴ ከተማ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማዕበል ማውራት ለብዙ ሰው ቧልት ሊመስለው ይችላል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ የተቆረቆረች ናት እንጂ የወደብ ከተማ አይደለችም፤ የቦርከናም ውሃ ቢሆን ወደ አዋሽ ወርዶ በአፋር ምድር ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ይሁን እንጂ በመጋቢት ወር በኮሞሮ ደሴቶችና በማዳጋስካር አጠገብ የሚጠነሰስ ዐውሎ ነፋስ እስከ ጨፋ ገበሬ ጎተራ የሚደርስበት መንገድ ስላለው፣ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ልንመለከተው ወደድን።

ሳይክሎን የሚባለው ይህ ዐውሎ ነፋስ የሚጠነሰሰው የባሕሩ ፊት ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። ከሞቀው ባሕር የተነሣው ተን ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቅቃል፤ ከሥሩም የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያለው አየር ወደዚያው እየጎረፈ፣ በመሬት መዞር ምክንያት እየተጠማዘዘ ይሽከረከራል። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ይህን እንዲጠብቅ በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የተመደበው በሬዩንዮን ደሴት የሚገኘው የፈረንሳይ የአየር ጠባይ ማእከል ነው። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ስም ይወጣለታል፤ 118 ሲደርስ ደግሞ ሳይክሎን ይባላል። ከጥንስሶቹ ብዙዎቹ ስም ሳይወጣላቸው ይበተናሉ፤ ስለዚህ ባለሙያው «ሊሆን ይችላል» ብሎ መናገሩ ፍርሃት ሳይሆን ሙያ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የበልግ ዝናማችን ስንቅ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበት ነው። ዱላ ሻንቆ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ከፒየር ካምበርላን ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን በተደጋገመባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ በልግ መጉደሉን አሳይተዋል። ዳሩ ግን ስፍራውም መታየት አለበት። በ2010 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ዱማዚሌና ኤሊያኪም በማዳጋስካር ምሥራቅ ሲነሡ ኬንያና አካባቢዋ በዝናም ተጥለቀለቁ። በተከታዩ ዓመት ግን ኢዳይ በሞዛምቢክ የባሕር ሰርጥ ከርሞ መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ሌሊት የቤይራን ከተማ ሲመታ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናም ዘገየ።

ዝናሙ ሲዘገይ የከሚሴ ቆላ ገበሬ ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። ብዙ እህልና ብዙ አገዳ የሚሰጠው ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር ይታጨዳል። ሚያዝያ ደረቅ ከሆነ ይህ ዘር አይሆንም፤ ገበሬው ሐምሌን ጠብቆ ጤፍ ወይም ማሾ መዝራት ግድ ይሆንበታል፤ ከብቱም የአገዳውን መኖ ያጣል። በግብርና ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ወጣት ሠራተኛ የደሴቶቹን ወሬ በመጋቢት ሰምቶ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን መግለጫ ጋር ቢያስተያየው፣ የማሾውን ዘር በግንቦት ማስመጣት ይችላል። በሐምሌ የሚሯሯጥ ግን ዘሩን የሚያገኘው ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ ይመስለናል።

በሰሜኑ በኩል ደግሞ የሶቆጥራ ደሴቶች አሉ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለው ሳይክሎን ሶቆጥራን መትቶ ወደ ዖማን አለፈ፤ በጥቅምት 2011 ሉባን ተከተለው። ሁለቱ ያዘነቡት ውሃ በዐረቢያ በረሃ አሸዋ መካከል አቁሮ ሣር አበቀለ፤ የበረሃ አንበጣም ሰው በማይደርስበት በዚያ ስፍራ ትውልድ በትውልድ ላይ ፈለፈለ። መንጋው የመንን አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ አገራችን ገባ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በደቡብ ወሎ ቆላዎች ሊታጨድ በተቃረበ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲያርፍ፣ መኩኑ ከተነሣ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አልፎ ነበር።