ኮፒው፣ ኦርጅናሉና የመዝገብ ቁጥሩ፦ ፈንክሽን ቫሪያብልን እንዴት ይቀበላል?

ወሎ ሰፈር ላይ፣ የቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ ከሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ዕቃ የገዛ ሰው ደረሰኙ ግርጌ ላይ 15 በመቶ ቫት ተደምሮ ያገኛል። ስሌቱ ቀላል ነው። ዋጋው ከአንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚደርስበት ነገር ግን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ከ60 ዓመት በላይ ሲለያዩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። 1,000 ብር የያዘ ቫሪያብል ለአንድ ፈንክሽን ሰጠን እንበል። ፈንክሽኑ ቫት ጨምሮ 1,150 አደረገው። ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ በእኛ እጅ ያለው ቫሪያብል 1,000 ነው ወይስ 1,150?

መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው የሰነዱን ፎቶ ኮፒ ሊሰጥ ይችላል፤ ኦርጅናሉን ራሱን ሊሰጥም ይችላል፤ ወይም ደግሞ የመዝገቡን ቁጥር ብቻ ያስጽፋል። ኮፒው ላይ የተጻፈ ነገር ኦርጅናሉን አይነካም። ኦርጅናሉ ላይ የተሰረዘው ግን ተሰረዘ። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት የገለበጠ ሠራተኛ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይሉን ካረመ፣ ባለጉዳዩም ነገ የሚያገኘው የታረመውን ፋይል ነው። ሠራተኛው ቁራጩ ላይ ሌላ ቁጥር ቢጽፍ ግን ባለጉዳዩ የያዘው ቁጥር አይለወጥም። ቋንቋዎቹ በአብዛኛው የሚለያዩት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን በመምረጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ከአይቢኤም የወጣው ፎርትራን በቀጣዩ ዓመት በሁለተኛ እትሙ ፕሮግራመሩ ራሱ ፈንክሽኖችን ለብቻቸው እንዲጽፍ ፈቀደ። የተለመደው አሠራር ኦርጅናሉን መስጠት ነበር፤ ማለትም ፈንክሽኑ የሚደርሰው የሜሞሪ አድራሻው ነው። ይህ ሜሞሪ ይቆጥባል፤ ያኔ ሜሞሪ ውድ ነበር። ጉዳቱ ደግሞ አስደንጋጭ ነው። በአንዳንድ የቀድሞ ኮምፓይለሮች 2 የሚለውን ቁጥር ራሱን ለፈንክሽን ሰጥተው ፈንክሽኑ ቢለውጠው፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ 2 የተባለው ሁሉ ሌላ ቁጥር ሆኖ ይገኝ ነበር።

አልጎል 60 ሌላ መንገድ ያዘ። ፕሮግራመሩ ኮፒ ይሰጥ ብሎ ካላዘዘ በቀር ፈንክሽኑ የሚቀበለው የስሌቱን ውጤት ሳይሆን ያልተሰላውን አገላለጽ ነበር፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰላል። ዴንማርካዊው ዮርን ጄንሰን ይህንኑ ተጠቅሞ አንድ ፈንክሽን የፈለገውን ዓይነት ድምር እንዲሠራ የሚያደርግ ዘዴ ፈጠረ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዋጋውም ከበድ ያለ ነበር። የሁለት ቫሪያብሎችን ይዞታ የሚያለዋውጥ ተራ ፈንክሽን እንኳ አንደኛው የሊስቱ ተራ ቁጥር፣ ሌላኛው በዚያ ተራ ያለው ዋጋ ሲሆን ይሳሳታል፤ ተራ ቁጥሩ መጀመሪያ ሲለወጥ ሁለተኛው ሌላ ቦታ ያመለክታልና። አሠራሩ በዚያው መልኩ አልዘለቀም። ውጤቱ እስኪፈለግ ስሌቱን የማቆየት ሐሳብ ግን በሃስኬል ይኖራል፤ እዚያ አንዴ የተሰላ ነገር ዳግም አይሰላም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ የሠራው ሲ ጥርት ያለ አቋም ወሰደ፦ ሁሉም ነገር ኮፒ ነው። ኦርጅናሉን ማስነካት የፈለገ አድራሻውን በፖይንተር ይልካል፤ ፖይንተሩም ራሱ ኮፒ ነው። የኒክላውስ ቪርት ፓስካል እና በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ለኦርጅናሉ የተለየ ምልክት አበጁለት። አዳ ደግሞ ፓራሜትሩ ገቢ፣ ወጪ ወይስ ሁለቱም መሆኑን በግልጽ ያስጽፋል። በእኔ ግምት ከሁሉም ቅን የሆነው የአዳ መንገድ ነው፤ አንባቢው የፈንክሽኑን ሆድ ዕቃ ሳይበረብር ምን እንደሚነካበት ያውቃል።

ሦስተኛውን መንገድ፣ የመዝገብ ቁጥር መስጠቱን፣ በስም የለየችው ባርባራ ሊስኮቭ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኤምአይቲ ክሉ የተባለውን ቋንቋ ከባልደረቦቿ ጋር ስትሠራ፣ ጠሪውና ተጠሪው አንድን ኦብጀክት እንደሚጋሩ አስረዳች። ዛሬ ጃቫ፣ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ለኦብጀክቶች የሚከተሉት ይህንኑ ነው። ግራ መጋባቱም የበዛው እዚህ ነው። ፓይተን ላይ 1,000 የሚለውን ቁጥር ለፈንክሽን ሰጥተን ፈንክሽኑ 1,150 ቢያደርገው፣ ውጭ ያለው 1,000 እንደሆነ ይቀራል። የዋጋዎች ሊስት ሰጥተን ፈንክሽኑ እዚያው ሊስቱ ውስጥ ቫት ቢጨምር ግን የእኛም ሊስት ይለወጣል። አንዴ ለስክሪን፣ አንዴ ለደረሰኝ ሁለት ጊዜ ቢጠራ 1,000 ብሩ 1,322.50 ይሆናል። ፕሮግራሙ ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም፤ ደንበኛው ብቻ በቫት ላይ ቫት ይከፍላል።

አዳዲሶቹ ቋንቋዎች ይህን አደጋ ከሥሩ ለመያዝ ይጥራሉ። ስዊፍት ሊስትን እንደ ኮፒ ያስተናግዳል፤ ለውጡ ወደ ውጭ እንዲወጣ የፈለገ በግልጽ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያ የተረጋጋ እትሙ የወጣው ረስት ደግሞ ባለቤትነትን ይቆጣጠራል፤ ለፈንክሽን የተላለፈ ሊስት ካልተዋሰ በቀር የሰጪው መሆኑ ያበቃል፣ ኮምፓይለሩም ዳግም አያስነካውም።

በብዙዎቹ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በሲ ፕላስ ፕላስ ጀምሮ ወደ ጃቫ ይሻገራል። በሲ ፕላስ ፕላስ የለመደውን «ፓስ ባይ ሬፈረንስ»፣ ማለትም ኦርጅናሉን መስጠትን፣ ይዞ ጃቫ ላይ ሲደርስ «ኦብጀክት በሬፈረንስ ይሄዳል» ብሎ ይደመድማል። ትክክል አይደለም። ጃቫ ሁልጊዜ ኮፒ ይሰጣል፤ ለኦብጀክት የሚገለበጠው የመዝገብ ቁጥሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ለሚማረውም ልዩነቱ ፊት ለፊት ሊነገረው ይገባል።

መምህራን ሆይ፣ የአሠራሩን ስም ከማስሸምደዳችሁ በፊት ሁለት ሙከራ አሠሩ፦ ፈንክሽኑ ውስጥ ለፓራሜትሩ አዲስ ዋጋ ሲሰጥ ውጭ ይታያል? የኦብጀክቱ ውስጥ ሲነካስ? ፓይተን 3 የቫሪያብልና የፈንክሽን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ «ዋጋ» እና «ቫት_ጨምር» ብሎ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ መሞከር ይቻላል። ሁለቱን ጥያቄ በራሱ ሙከራ የመለሰ ተማሪ አዲስ ቋንቋ ሲገጥመውም መመርመሪያው በእጁ አለ።