በስውር ስልት ጨዋታ ከመንቀሳቀስ በፊት ማየት ይቀድማል

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው እጃጂ ድብብቆሽ ተጫውቶ ያደገ ወጣት፣ የስውር ስልት የቪዲዮ ጨዋታዎችን ሕግ ግማሹን ያውቀዋል። የሚያሸንፈው ፈጣኑ ሳይሆን የፈላጊውን ዓይን የሚከታተለው ነውና።

የጀርመኑ ሚሚሚ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ሻዶው ታክቲክስ» ጥሩ አብነት ነው። በዚህ ጨዋታ የሚመረጠው ጠባቂ የእይታ ክልል መሬት ላይ በቀለም ተሥሎ ይታያል። ቀለሙ ሙሉ በሆነበት ክፍል የገባ ሁሉ ይታያል፤ በሰረዝ በተሸፈነው ክፍል ግን አጎንብሶ የሚያልፍ ከዓይን ይሰወራል። ጀማሪን የሚጥለው ይህን ልዩነት አለማስተዋል ነው።

የወደቀን ጠባቂ አስከሬን መደበቅ፣ በበረዶ ላይ የሚቀረውንም ዱካ ማሰብ ያስፈልጋል። የሣር ባርኔጣ የደፋ ጠባቂ በማዘናጊያ ተታልሎ ቦታውን አይለቅም። ሁለት ጠባቂዎች የሚተያዩ ከሆነ፣ የሁለት ገጸ ባሕርያትን እርምጃ አስቀድሞ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ማስፈጸም ይሻላል።

ቶሎ ቶሎ «ሴቭ» ማድረግ አያሳፍርም፤ ጨዋታው ራሱ አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ያስታውሳል። በሰዓት እየከፈለ ለሚጫወት ደግሞ ይህን መዘንጋት ኪስንም ይጎዳል።