ውክልናው እስከ የት ነው? ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የአባላት ማኅበራት



በዚህ ፋኩልቲ ስለ ሶፍትዌር አስተምራለሁ፤ በሰፈሬ ደግሞ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የዛሬው ንግግሬ የመነጨው ሁለቱ ሥራዎቼ ከተገናኙበት ቦታ ነው። መዋጮ መመዝገብ፣ ውዝፍ ያለበትን ማስታወስ፣ ለስብሰባ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ለቅሶ ሲደርስም ደብተሩን አገላብጦ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የሚገባውን መክፈል፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ደመወዝ፣ ከመደበኛ ሥራ በተረፈ ሰዓት ነው። ስለዚህ «ይህን ለማሽን ብንሰጠውስ?» የሚለው ጥያቄ የስንፍና ጥያቄ አይደለም። በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሆነ በሙያ ማኅበራት ይኸው ጥያቄ ይነሣል።

አስቀድመን ቃሉን እንፍታው። ኤጀንት የሚባለው ሥርዓት ለጥያቄ መልስ ጽፎ ከሚያበቃው ቻትቦት የተለየ ነው። እምብርቱ ያው የቋንቋ ሞዴል ቢሆንም መሣሪያዎች ተሰጥተውታል፤ የአባላትን መዝገብ ያነባል፣ የባንክ መግለጫ ይከፍታል፣ አጭር መልእክት ይልካል። ግብ ሲሰጠው አንድ እርምጃ ይመርጣል፣ ይፈጽማል፣ ውጤቱን ተመልክቶ ቀጣዩን ይወስናል፤ ሥራው ተጠናቀቀ እስኪል ድረስም ይህን ዑደት ይደጋግማል። «የወሩን ውዝፍ አጣርተህ ማስታወሻ ላክ» የሚለው አንድ ትእዛዝ ለእርሱ ብዙ እርምጃዎች ያሉት ጉዞ ነው።

ብርታቱም ድካሙም ከዚህ ዑደት ይመነጫል። እያንዳንዱ እርምጃ 95 በመቶ ትክክል ነው፣ የአንዱ ስሕተትም በሌላው ላይ አይመሠረትም ብለን እናስብ። 20 እርምጃዎች ያሉት ሥራ ያለ አንዳች ስሕተት የሚጠናቀቅበት ዕድል 36 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። በተግባር ደግሞ በመካከል የተፈጠረ ስሕተት ለቀጣዩ እርምጃ እንደ እውነት ሆኖ ይቀርባል።

ከእድራችን ኮሚቴ ጋር ተስማምተን በመዝገቡ ቅጂ ላይ ሙከራ አደረግሁ፤ መልእክት የመላክ ሥልጣን ግን አልሰጠሁትም። ሁለት ምሽት የሚፈጀውን ሥራዬን በደቂቃዎች ጨረሰው። ስሕተቶቹ ግን ትምህርት ሰጪ ነበሩ። ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ በሁሉም አባል ላይ የአንድ ወር ዕዳ ጫነ። የጳጉሜን መዋጮ እንደማይሰበሰብ ሁላችንም እናውቃለን፤ በመተዳደሪያ ደንባችን ግን አልተጻፈም። ይህ ስሕተት ጎላ ያለ ስለ ነበር ወዲያው ታየኝ። አስቸጋሪዎቹ ድምፅ የሌላቸው ነበሩ። በመዝገቡ «ኃይሉ» የተባለው ሰው በባንክ መግለጫው «ሀይሉ» ነው፤ ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት። ባል የተመዘገበበትን መዋጮ ሚስት በቴሌብር ስትከፍል ደግሞ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ሁለቱን የሚያገናኝ ምልክት በስማቸው ውስጥ አይገኝም። እነዚህ የከፈሉ ሰዎች ባለዕዳ ተብለው ተዘረዘሩ።

ይህን ሁሉ ማረም ይቻላል። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ፣ የከፋዮችን ዝርዝር ማዘጋጀት፣ የጳጉሜንን ልማድ መጻፍ በቂ ነው። ከእርማቱ በኋላ ግን አንድ ስም ቀረ። አንዲት አረጋዊት እናት የአራት ወር ውዝፍ ነበረባቸው፤ ደንባችን ደግሞ ከሦስት ወር በላይ ያልከፈለ አባል ከአገልግሎት ይታገዳል ይላል። ኤጀንቱ «ይታገዱ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሒሳቡም የደንቡ ንባብም ትክክል ነበር። የእድሩ ዳኛ ዝርዝሩን ሲያዩ ግን «እኒህ ሴት አንድ ወር አሳልፈው አያውቁም። አራት ወር ሲጠፉ አለመጠየቃችን ነው ጥፋቱ» አሉ። ሄደን ጠየቅናቸው፤ ታመው ከልጃቸው ቤት ተኝተው ነበር።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ችግር የትክክለኛነት ችግር አይደለም። ማሽኑ ባይሳሳትም እንኳ የማን ሥልጣን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

እዚህ ላይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና የሚለው ይረዳናል። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። በአንቀጽ 2204 መሠረት ንብረት መጠበቅ፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ከዚህ ይመደባሉ። መታረቅ፣ ስጦታ ማድረግ፣ ክስ ማቅረብ የመሳሰሉት ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይሻሉ። ሕጉ የተጻፈው ለሰው ወኪል ነው፤ መለያውን ግን ልንዋሰው እንችላለን። ማስታወሻ ማዘጋጀት፣ ሒሳብ ማመሳከር፣ የቃለ ጉባኤ ረቂቅ መጻፍ የአስተዳደር ሥራ ነው። ማገድ፣ መቅጣት፣ ክፍያ መከልከል ግን የአባልነትን መብት ይነካል፤ ለማሽን የሚሰጥ ልዩ ውክልና ሊኖር አይገባም።

«ማሽኑ ነው የወሰነው» ማለትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ዳኝነት ሰጪ አካል አንድ ክርክር ተመልክቶ ነበር። የኤር ካናዳ ቻትቦት ለሐዘንተኛ ተጓዥ ስለ ቅናሽ ትኬት የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ ኩባንያውም ቻትቦቱ ለራሱ ተጠያቂ እንደ ሆነ ተከራከረ። ክርክሩ ውድቅ ሆኖ ኩባንያው ካሣ እንዲከፍል ተወሰነ። ኃላፊነት ሁልጊዜ ወደ ወካዩ ይመለሳል።

«ታዲያ ሰው ያጽድቀው» ቢባል መልሱ ግማሽ ብቻ ነው። በየምሽቱ 50 ማጽደቂያ የሚቀርብለት ጸሐፊ ሳያነብ መፈረም ይጀምራል። ማጽደቂያው ጥቂት በሆኑና በከበዱ ውሳኔዎች ላይ ብቻ ይሁን። የውክልናው ወሰን በደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ ማሽኑ ያደረገው ሁሉ ይመዝገብ፤ ለጠቅላላ ጉባኤም ይነበብ። የአባላት መረጃ አያያዝም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይከተል።

እኛ በእድራችን ኤጀንቱን አልጣልነውም። ውዝፍ ዝርዝሩን ዛሬም ያዘጋጃል። የለወጥነው የዝርዝሩን ርእስ ነው፤ «የሚታገዱ አባላት» የሚለውን ሰርዘን «የሚጠየቁ አባላት» አልነው። ማሽኑ የቆጠበልንን ሁለት ምሽት የምናውለውም በዚያው ጥየቃ ላይ ነው።