የሚያስፈራም የሚያስቅም ተረት ለልጆች፦ ይጎዳል ወይስ ያጠነክራል?

ለልጆች የሚነገር ታሪክ ሞት፣ ረኀብና ክፋት ሊኖርበት ይገባል ወይ? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ዓለም ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በደሃናም ኾነ በሌሎች የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች ግን ጥያቄው ከመጽሐፍ ምርጫ ያለፈ ትርጉም አለው። አካባቢው ድርቅ የሚደጋገምበት፣ በቅርብ ዓመታትም ጦርነት ያለፈበት በመኾኑ ብዙ ልጆች መከራን ያወቁት ከተረት ሳይኾን ከኑሮ ነው። ወላጆች «ያዩት አንሷቸው ነው ደግሞ በተረት የምናስፈራቸው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ክርክሩን በዓለም ደረጃ ካጎሉት ሥራዎች አንዱ፣ ስሙ በአማርኛ «ተከታታይ የመከራ ክስተቶች» ሊባል የሚችል የአሜሪካ የልጆች ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ዳንኤል ሃንድለር ሲኾን፣ መጻሕፍቱን ያሳተመው ሌሞኒ ስኒኬት በሚል የብዕር ስም ነው። 13 ቅጾች ያሉት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ ከ1999 እስከ 2006 ታትሟል። በ2004 ፊልም፣ ከ2017 እስከ 2019 ደግሞ ተከታታይ ድራማ ኾኖ ቀርቧል።

ታሪኩ ወላጆቻቸው በእሳት ቃጠሎ ከሞቱ በኋላ ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው ስለሚንከራተቱ ሦስት ልጆች ነው። ትልቋ ቫዮሌት መሣሪያ ትፈለስፋለች፤ ክላውስ ያነበበውን አይረሳም፤ ሕፃኗ ሰኒ ደግሞ ስለታም ጥርሶች አሏት። ኮውንት ኦላፍ የተባለ ተዋናይ ውርሳቸውን ለመቀማት መልኩን እየለዋወጠ ያሳድዳቸዋል። ልጆቹ ወዲያው ያውቁታል፤ አዋቂዎቹ ግን አያምኗቸውም። ተራኪው ደግሞ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ሌላ ደስ የሚል ታሪክ እንዲፈልግ ደጋግሞ ይመክራል። መከራው እየበዛ ሲሄድ ሳቁን የሚፈጥረው ይህ አተራረክ ነው።

የአንባቢያን አስተያየት በሦስት ይከፈላል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ መጽሐፉ ጨለማ ነው ይላሉ። በተለይ በመጀመሪያው ቅጽ ኦላፍ የ14 ዓመቷን ቫዮሌት በተንኮል አግብቶ ሀብቷን ለመውሰድ መሞከሩ ለልጆች አይገባም የሚሉ ወላጆች አሉ። ሁለተኛዎቹ ታሪኩ ይደጋገማል ይላሉ፤ አዲስ አሳዳጊ፣ አዲስ የኦላፍ መልክ፣ የማያምኑ አዋቂዎች። በመጨረሻም ብዙ ምስጢሮች ሳይፈቱ መቅረታቸው ያበሳጫቸዋል። ሦስተኛዎቹ ግን መጽሐፉ ልጆችን እንደ ሞኝ አይቆጥርም ብለው ያደንቁታል። ክፋት መኖሩን አይደብቅም፤ ልጆቹም የሚድኑት ተአምር ወርዶላቸው ሳይኾን አንብበው፣ አስበውና ተደጋግፈው ነው።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ስለ አንዲት አህያ የሚተርክ ይገኛል። ዝናብ ጠፍቶ አገር ሲደርቅ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኀጢአት የሠራ አለ» ይባባላሉ። አንበሳ ወይፈን፣ ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ይናዘዛሉ፤ ለእያንዳንዱም «ይህማ ኀጢአት አይደለም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። አህያ ግን ጌታዋ ከወዳጁ ጋር ሲያወጋ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ስትናገር «ዝናቡን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ!» ብለው ይበሏታል።

ልጆች በዚህ ተረት ይስቃሉ። ሣቃቸው ግን በአህያዋ ሞት ሳይኾን በዳኞቹ ዓይን አውጣነት ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ሐቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል። ጉልበተኛ ፍርድን ሰበብ ሲያደርግ ማወቅ ከኮውንት ኦላፍ ታሪክም ኾነ ከአያ ጅቦ ተረት የሚገኝ አንድ ዓይነት ትምህርት ነው።

ፍርሃትን ወደ ትምህርት የሚለውጠው ግን የተረቱ ይዘት ብቻ አይደለም፤ አነጋገሩም ጭምር ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ልውውጥ እንደ በር ያገለግላል፤ ከዚህ በኋላ የሚሰማው ነገር በእውኑ ዓለም ያለ አለመኾኑን ያሳውቃል። «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ደግሞ በሩ ይዘጋል፤ ልጁም ከጅቡ ዋሻ ወደ ቤቱ፣ ወደ እሳቱ ዳርና ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። የሌሞኒ ስኒኬት ተራኪ «መጽሐፉን ዝጉት» እያለ ማስጠንቀቁም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ አንባቢው ታሪኩን መቆጣጠር የሚችለው ራሱ መኾኑን ያስታውሰዋል።

ስለዚህ ተረትንና ማስፈራሪያን መለየት ያስፈልጋል። «ዝም በል፣ ጅቡ መጣልህ!» ተብሎ በጨለማ የሚነገር ቃል ተረት አይደለም። መግቢያ በር የለውም፣ መውጫም የለውም፤ ጅቡም የሚሸነፍበት መንገድ አይታይም። ጅብ በእውን በሚዞርበት ገጠር ደግሞ እንዲህ ያለው ማስፈራሪያ ልጁን ከመጨነቅ ሌላ የሚያስተምረው ነገር የለም። በተረት ውስጥ ግን ብልኋ ጦጣ አያ ጅቦን ታታልለዋለች፤ ትንሹ ስንዝሮም ከእሱ የሚበልጡትን በዘዴ ይረታል።

ምስጢር ፈልጎ የማግኘት ደስታም በባህሉ ውስጥ አለ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያጣ ልጅ «አገር» ይሰጣል፤ ያወቀው ደግሞ ይኮራል። በጽሑፍ ደረጃም የዋግ ተወላጁ ደራሲ ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪኮቹ ብዙ አንባቢ አፍርቷል። «ሰላዩ ሬሳ» የተሰኘው ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሐሰተኛ ሰነድ አስይዘው ወደ ባሕር በጣሉት አስከሬን ጀርመኖችን እንዴት እንዳታለሉ ያስነብባል። አስከሬን ሰላይ ሲኾን አንባቢው ደንግጦም ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የሥነ ልቦና ጸሐፊው ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አስፈሪ ተረቶች ልጆች በውስጣቸው ያለውን ስም የሌለው ፍርሃት መልክ እንዲሰጡትና እንዲጋፈጡት ይረዳሉ ሲል ተከራክሯል። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ተረት ለማንኛውም ልጅ ይስማማል ማለት አይደለም። ወላጁን በሞት ላጣ ወይም ከቀዬው ለተፈናቀለ ልጅ የሙት ልጅ ታሪክ «ብቻዬን አይደለሁም» የሚል መጽናኛ ሊኾነው ይችላል፤ ቁስሉንም ሊነካው ይችላል። የሚወስነው የልጁ ሁኔታ ነው።

ለዚህም ወላጆችና መምህራን ጥቂት ነገሮችን ልብ ቢሉ ይጠቅማል። ከባድ ታሪክ ልጁ ከሚያምነው ሰው አፍ ቢሰማ እንጂ ብቻውን ባይጋፈጠው ይመረጣል። ልጁ ጆሮውን ከያዘ፣ ከተለየው ወይም «ይበቃል» ካለ ማቆም ተገቢ ነው። ከተረት በኋላ እንቅልፍ የሚያጣ፣ በሌሊት የሚባንን ወይም ከሰው የሚሸሽ ልጅ ካለ ተረቱን መተውና፣ ሁኔታው ከቀጠለ ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ልጁ «ድገምልኝ» ካለ ፍርሃቱን እየተለማመደው መኾኑን ያሳያል።

የመጽሐፍ እጥረት መኖሩ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ መፍትሔ የሌለው አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረተው ኢትዮጵያ ሪድስ እ.ኤ.አ በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈተ በኋላ፣ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ለልጆች አድርሷል። አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉም ለ42 ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን በተረት አስተምረዋል።

ደሃና ውስጥ ደግሞ በአማርኛም ኾነ በኽምጣኛ የሚተርኩ አያቶች ገና አሉ። ተረታቸውን በደብተር መጻፍ ወይም በስልክ መቅዳት ለአንድ ተማሪ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የአህያዋ ተረት ሲያበቃም ልጆቹን «እናንተ በጉባኤው ብትኖሩ ምን ትሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ተረቱ ከማስፈራት አልፎ ማጠንከር የሚጀምረው ልጁ ለዚህ ጥያቄ የራሱን መልስ ሲፈልግ ነው።